የመጀመሪያዎቹን የሶቪየት ጠፈርተኞች ወዳጅነትና ሐዘን ለተማሪዎች እንዴት እናቅርብ?

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ወይም የታሪክ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ነው። ዓላማው የመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ኅብረት ጠፈርተኞች እርስ በርስ የነበራቸውን ወዳጅነትና የደረሰባቸውን ሐዘን፣ ሳያጋንኑም ሳያደርቁም በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማቅረብ የሚረዳ ዝግጅት ማሳየት ነው። ዝግጅቱ ፕሮጀክተር ባለው የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤትም ሆነ መብራት በሚጠፋበት የመንዝ ወይም የመርሐ ቤቴ ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ከጥቁር ሰሌዳ፣ ከጠመኔና በወረቀት ከታተሙ ሁለት ፎቶግራፎች በላይ የሚጠይቀው ነገር የለም።

በቅድሚያ ቀኑን ይወስኑ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለው ጊዜ ለዚህ ርእስ ይመቻል፤ ምክንያቱም ቫለንቲን ቦንዳሬንኮ የሞተው መጋቢት 14 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር የወጣው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 4፣ ቭላድሚር ኮማሮቭ የሞተው ሚያዝያ 16 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ጋጋሪን ራሱ የሞተው ደግሞ መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። የፋሲካ ዕረፍት ከእነዚህ ቀናት ጋር ሊገጥም ስለሚችል የትምህርት ቤቱን የጊዜ ሰሌዳ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ቀኖቹን ከፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሱ ዓመቱ ላይ ይጠንቀቁ። ኮማሮቭ ቮስኮድ 1 የተባለችውን መንኮራኩር የመራው በኦክቶበር 1964፣ አሌክሴይ ሌኦኖቭ ከመንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር የተንሳፈፈው በማርች 1965 ቢሆንም፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም በ1957 ዓ.ም. ውስጥ የሚውሉ ስለሆኑ በየቦታው ስምንት እየቀነሱ መሄድ የኮማሮቭን ጉዞ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ተማሪዎች 1953ን በቀላሉ እንዲይዙት ከፈለጉ በታሪክ ትምህርት ከሚያውቁት ጋር ያያይዙላቸው፤ የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የታኅሣሥ ሙከራ የተጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን በመሆኑ፣ ጋጋሪን የተነሣው ልክ በአራተኛው ወር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዎች ምርጫ ነው። በ1952 ዓ.ም. ከአየር ኃይል ተመርጠው የመጀመሪያውን ቡድን የመሠረቱት አብራሪዎች 20 ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ጠፈር የደረሱት 12 ናቸው። ሁሉንም ለመጥራት መሞከር ትረካውን የስም ጥሪ ያደርገዋል። አራት ሰዎች ይበቃሉ፦ ቦንዳሬንኮ፣ ኮማሮቭ፣ ጋጋሪንና ሌኦኖቭ። የመጀመሪያዋን ሴት ጠፈርተኛ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫን መተው ብዙ መምህራንን እንደሚከብድ እረዳለሁ፤ ሆኖም የእርሷ ታሪክ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ የሚገባው እንጂ ከሌሎች ሞት ጎን የሚለጠፍ አይደለም። በደብረ ብርሃን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ በተባለው ብርሃን ንግግሩን መክፈት የማያምረው ተናጋሪ የለም። ያ ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ተማሪዎች ስለሚወዱት ውይይቱ ወደዚያው ሄዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ መለየት ነው። በዚህ ርእስ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረው አብዛኛው ነገር እውነትና ተረት የተደባለቀበት ስለሆነ፣ ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፍለው በመጀመሪያው የተረጋገጠውን፣ በሁለተኛው አንድ ሰው በኋላ የመሰከረውን፣ በሦስተኛው ማስረጃ የሌለውን ወሬ ይጻፉ። ለምሳሌ ኮማሮቭ የሞተባት መንኮራኩር ሶዩዝ 1 ከመነሣቷ በፊት ሰው ሳይኖር የተደረጉት ሙከራዎች በሙሉ በችግር መጠናቀቃቸው በመጀመሪያው ዓምድ ይገባል፤ ኮስሞስ 133 በታሰበው መንገድ አልተመለሰችም፣ ቀጣዩ ሮኬት በማስወንጨፊያው ላይ እንዳለ ፈነዳ፣ የኮስሞስ 140 የሙቀት መከላከያ ደግሞ ሲመለስ ተቃጥሎ ተበሳ። ጋጋሪን የኮማሮቭ ተጠባባቂ መሆኑም እዚያው ነው። ኮማሮቭ እንደሚሞት እያወቀ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ሄደ የሚለው ግን በዋናነት አንድ የቀድሞ የደኅንነት ባልደረባ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሰጠው ቃል ላይ የቆመ ስለሆነ ቦታው ሁለተኛው ዓምድ ነው። መንኮራኩሯ ስትወድቅ እየተራገመ ሲጮኽ በቱርክ የነበሩ አሜሪካውያን ሰሙት የሚባለው በሦስተኛው ይቀመጣል፤ የሚታወቀው የንግግር ቅጂ እንዲህ ያለ ነገር አያሳይም። ተማሪዎች ሦስተኛውን ዓምድ ይበልጥ እንደሚወዱት ይጠብቁ። ዓምዱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ተለይቶ መጻፉ ብቻውን ሥራውን ይሠራል።

ትረካውን በቦንዳሬንኮ ይጀምሩ። ከቡድኑ በዕድሜ ትንሹ እርሱ ሲሆን ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። ሞስኮ ውስጥ በአንድ የግፊት ክፍል ለቀናት ብቻውን ተዘግቶ ይፈተን ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ የአየሩ ግፊት ዝቅ ብሎ የኦክስጅኑ ድርሻ ከፍ ተደርጓል። ይህን ለማስረዳት የእኛ አካባቢ ይመቻል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ተማሪው በጣርማ በር ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሄድ ጆሮው የሚደፈነው በአየር ግፊት ለውጥ መሆኑን ከራሱ ያውቀዋል፤ ግፊቱ በቀነሰበት ቦታ ሰው በደንብ እንዲተነፍስ የኦክስጅኑን ድርሻ መጨመር እንደሚያስፈልግም ወዲያው ይገባዋል። የማያውቀው በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ እሳት እንዴት እንደሚቀጣጠል ነው። ቦንዳሬንኮ የሕክምና መለኪያዎቹን ካነሣ በኋላ ቆዳውን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረገ፤ ጥጡን ሲጥለው በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ዐረፈ፤ እሳቱም በቅጽበት ልብሱን ያዘ። ግፊቱ እስኪስተካከል በሩ ቶሎ ሊከፈት አልቻለም። ከሰዓታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ይህን በሙከራ ለማሳየት ኦክስጅን አምርቶ እሳት ማቀጣጠል በክፍል ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ በሰሌዳ መሣል ይበቃል።

እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ፤ ምክንያቱም የእነዚህ ሰዎች ወዳጅነት ምን ያህል ታስሮ እንደነበረ የሚታየው ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ጋጋሪን ወደ ጠፈር የወጣው ቦንዳሬንኮ በሞተ በ20ኛው ቀን ነው። ዓለም ሁሉ የጋጋሪንን ስም ሲጠራ የቦንዳሬንኮ አሟሟት ምስጢር ሆኖ ቆየ፤ በሶቪየት ጋዜጣ በይፋ የተጻፈው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. ነው። የተቀበረው በካርኪቭ ሲሆን፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ መታሰቢያው የአብራሪ ጓደኞቹ መሆኑ ተጻፈ እንጂ ጠፈርተኞች መሆናቸው አልተገለጸም፤ ያ የተጨመረው ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ደርሶ ሙሾ አውጥቶ፣ የሟቹን ሥራ በአደባባይ ዘርዝሮ የሚሸኝ ኅብረተሰብ ልጆች ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁት ብዙ ነው፤ ጥያቄያቸውን አያቋርጡ።

ስለ ኮማሮቭ ሲናገሩ በሞቱ አይጀምሩ። በ1919 ዓ.ም. ሞስኮ የተወለደ፣ ጋጋሪንን በሰባት ዓመት የሚበልጥ፣ ከአብራሪነቱ ሌላ በምሕንድስና የተማረ ሰው ስለነበር ወጣቶቹ ጓደኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉት ነበር። የልብ ምቱ መዛባት ስለተገኘ ከበረራ ዝግጅት ወጥቶ፣ ሐኪሞችን ደጅ ጠንቶ ነው የተመለሰው። ሚያዝያ 15 ቀን 1959 ዓ.ም. ሶዩዝ 1 ስትነሣ ጋጋሪን እስከ ሮኬቱ ድረስ አብሮት ሄዷል። ዕቅዱ በማግሥቱ ባይኮቭስኪ፣ የሊሴዬቭና ኽሩኖቭ በሶዩዝ 2 እንዲከተሉት፣ መንኮራኩሮቹ ተያይዘውም የሊሴዬቭና ኽሩኖቭ በውጭ ተንሳፍፈው ወደ እርሱ እንዲሻገሩ ነበር። ነገር ግን ከሶዩዝ 1 ሁለት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች አንዱ ሳይዘረጋ ቀረ፤ ኃይል አነሰ፤ መንኮራኩሯን አቅጣጫ የሚያስይዙት መሣሪያዎችም እምቢ አሉ። የሶዩዝ 2 ጉዞ ተሰረዘ።

ተማሪዎች በደንብ ሊይዙት የሚገባው ቀጣዩን ነው። ኮማሮቭ በእጁ እየተቆጣጠረ፣ ባልተለመደ ሁኔታ መንኮራኩሯን አስተካክሎ ወደ ምድር መለሳት። ከባዱ ክፍል ተፈጽሞ ነበር። የገደለው እርሱ ሊደርስበት የማይችለው ነገር ነው፤ ጎታቹ ትንሽ ፓራሹት ወጥቶ ሳለ ዋናው ከመያዣው ሊሳብ አልቻለም፣ መጠባበቂያው ደግሞ ሲለቀቅ ከጎታቹ ጋር ተጠላለፈ። መንኮራኩሯ ኦረንቡርግ ክልል ውስጥ ከመሬት ጋር ተጋጭታ በእሳት ተያያዘች። በኋላ የሶዩዝ 2 ፓራሹት ሲፈተሽ ተመሳሳይ ችግር ተገኘበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ብልሽት ሦስት ሰዎችን አተረፈ ማለት ይቻላል። የሊሴዬቭና ኽሩኖቭ ያንኑ መሻገር በ1961 ዓ.ም. በሶዩዝ 4 እና 5 ፈጽመውታል። ከቃጠሎው የተረፈውን የኮማሮቭን አካል ያሳያል የሚባል ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ይዘዋወራል፤ አያሳዩት። በዞናችን በቅርብ ዓመታት በግጭትና በጦርነት ቤተሰቡን ያጣ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ፎቶግራፉም ከታሪኩ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

የጋጋሪንን ሞት በአጭሩ ይንገሩ። ከኮማሮቭ ሞት በኋላ ባለሥልጣናቱ ጋጋሪንን ዳግም ወደ ጠፈር ለመላክ ፈቃደኛ አልነበሩም፤ እርሱ ግን ቢያንስ አውሮፕላን ማብረሩን ቀጠለ። በ34 ዓመቱ፣ ከቭላድሚር ሴሪዮጊን ጋር በሚግ-15 የልምምድ አውሮፕላን ሲበር በኪርዣች ከተማ አቅራቢያ ወደቀ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ ከፋፍሎ መጻፍ ለክበቡ አባላት ጥሩ ልምምድ ይሆናል። ሌኦኖቭ በዚያ ቀን በአካባቢው የፓራሹት ልምምድ ላይ ስለነበር ድምፁን ሰምቷል። እርሱ በኋላ እንደተረከው፣ ከተገኘው አካል መካከል የጓደኛውን የለየው አንገቱ ላይ ባለ ምልክት ሲሆን፣ ያን ምልክት ያየው ጥቂት ቀደም ብሎ ጸጉራቸውን ሲቆረጡ ነው። ይህ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ ግን እኔ በበኩሌ ሁለቱ ምን ያህል ይቀራረቡ እንደነበር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ለፎቶግራፉ ሥራ አሥር ደቂቃ ይተዉ። በ1953 ዓ.ም. በሶቺ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች የቡድን ፎቶግራፍ አለ፤ በአንዱ ቅጂ ግሪጎሪ ኔሊዩቦቭ ይታያል፣ በሌላው ጠፍቷል። ሁለቱን ቅጂዎች አትመው ያለ ማብራሪያ ለተማሪዎች ይስጡና የጎደለውን ሰው እንዲፈልጉ ያድርጉ። ካገኙት በኋላ ይንገሯቸው፦ ኔሊዩቦቭ ከጋጋሪንና ከጌርማን ቲቶቭ ቀጥሎ የሚጠራ ብርቱ አብራሪ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ከወታደራዊ ጥበቃ ጋር በመጠጥ የተነሣ ተጣልቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተባረረ፤ በ1958 ዓ.ም. ባቡር ገጭቶት ሞተ። ምስሉን ከፎቶግራፉ የፋቁት ሰዎች ከታሪክ የሚፋቅ መስሏቸው ነበር።

ለሚጠየቁት ጥያቄዎችም ይዘጋጁ። ስለ ሶዩዝ 11 የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ሰኔ 23 ቀን 1963 ዓ.ም. ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳዬቭ ሲመለሱ በ168 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ የአየር ቫልቭ ያለጊዜው ተከፍቶ አየሩ ስላመለጠ ሞተዋል፤ የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር። ከፍታውን ለማስረዳት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢቆም ከዚያም ያልፋል ይበሉ። በዚያ ጉዞ መሄድ የነበረበት ሌኦኖቭ ነበር፤ የባልደረባው የኩባሶቭ ሳንባ ላይ ጥርጣሬ ስለታየ ቡድኑ በሙሉ ተቀየረ።

ከባዱ ጥያቄ ግን «ኮማሮቭ ለምን እምቢ አላለም?» የሚለው ነው። መልሱን በተረጋገጠው ብቻ ይወስኑት፦ እምቢ ቢል ቦታው በደንቡ መሠረት የተጠባባቂው፣ ማለትም የጋጋሪን ይሆን ነበር። በልቡ ያሰበውን የጻፈው ሰነድ ስለሌለ፣ ከዚህ ወዲያ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ዓምዱን ይቀይራል። ሌላው የሚመጣው ስለ ጨረቃው ሰሌዳ ነው። የአፖሎ 15 ሰዎች በ1963 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ የ14 ሟች ጠፈርተኞችን ስም የያዘ ሰሌዳ አስቀምጠዋል፤ ጋጋሪንና ኮማሮቭ አሉበት፣ ቦንዳሬንኮና ኔሊዩቦቭ የሉበትም፤ አሜሪካውያኑ ስለ እነርሱ አያውቁም ነበር። በጥር 1959 ዓ.ም. ሦስት አሜሪካውያን በአፖሎ 1 ውስጥ በንጹሕ ኦክስጅን በተነሣ እሳት ስለሞቱ፣ የቦንዳሬንኮ ምስጢር ቢገለጥ ይድኑ ነበር የሚል ተማሪም ይኖራል። ሐሳቡ የሚማርክ ቢሆንም ግምት ነው፤ በኦክስጅን ውስጥ እሳት አደገኛ መሆኑን አሜሪካውያኑም ከራሳቸው ሙከራዎች ያውቁ ነበር።

የቤት ሥራ መስጠት ከፈለጉ ተማሪዎቹ በአካባቢያቸው ያሉ አዛውንቶችን በ1953 ዓ.ም. ስለ ጋጋሪን ምን እንደሰሙና ከየት እንደሰሙ ይጠይቁ፤ ሬዲዮ ይሁን፣ መምህር ይሁን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይሁን በትክክል ይመዝግቡ። ሲጠይቁ «እማማ» ወይም «አባባ» ብለው በትሕትና ይጀምሩ፣ ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው አይጻፉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም እያንዳንዱን መልስ ከሦስቱ ዓምዶች በየትኛው እንዳስገቡትና ለምን እንደሆነ ያስረዱ።