እቁቡ ሲታመስ ጓደኛን እንዳናጣ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

12 ጓደኛሞች የወር እቁብ ነበረን። እያንዳንዳችን 5,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 60,000 ብር ይወስዳል። በሦስተኛው ወር ለአንድ ወዳጄ ደረሰው። ዋሱ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ወር ሳይጥል ቀረ፤ እኛም ለሁለት ተከፈልን። ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ሰው ፊት ዝም ብሎ ማታ መደወል

«እቁባችንን በላው» ሲባል ቡናዬን እያማሰልኩ አቀረቀርኩ። ማታ ደውዬ «አይዞህ፣ ከጎንህ ነኝ» አልኩት። «እዚያስ ምን አልክ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም ነበር። «እሱ ባለበት እንነጋገር» ማለት ይበቃል።

ለማዳን ብሎ ሚስጥር ማውጣት

ይሄኛው እስከ ዛሬ ያመኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ልከላከልለት ብዬ ከሥራ መውጣቱን ተናገርኩ። ሁሉም አዘነለት። እሱ ግን ለሚስቱ እንኳ ገና አልነገራትም ነበር። ወሬው ቤቱ ቀድሞት ገባ፤ ለወራት ስልኬን አላነሳም። መጀመሪያ «ምን ያህሉን ልንገራቸው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ባይፈቅድ ደግሞ «ችግር ገጥሞታል፤ ዝርዝሩን ራሱ ይንገራችሁ» ብዬ ማቆም።

ጥፋቱን መካድ

ጓደኛችሁ ስለሆነ ብቻ «ምን አጠፋ?» አትበሉ። 10,000 ብር ጎድሏል። ቀጣዩን ዕጣ ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ የምትጠብቀውም ጓደኛችን ናት። ዕዳውን አምናችሁ አከፋፈሉን ተነጋገሩ።

እሱ የሌለበት የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት

ከጨመሯችሁ ውጡ። ስትወጡም ምክንያቱን ንገሯቸው።

ልኩን ሳያውቁ ዋስ መሆን

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ያን ቀን አፌን የዘጋው ይኸው ዋስትና ነው። ሦስት ጊዜ ጥሎ ስለወሰደ ቀሪው 45,000 ብር ነበር። «ከተናገርኩ ሁሉንም ክፈል ይሉኛል» ብዬ ፈራሁ። የተስማማነው በቃል ብቻ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። በኋላ የጎደለውን 10,000 ብር እኔ ሸፈንኩ። እሱ ሥራ ሲያገኝ በየወሩ 2,500 ብር እየሰጠኝ በአራት ወር ጨረሰ።

አሁን ባለን እቁብ ጸሐፊያችን ከእያንዳንዱ ስም ጎን የዋሱን ስምና የሚሸፍነውን ብር ይጽፋል። በዚያ ወዳጄ መስመር ላይ ዘንድሮም የተጻፈው የእኔ ስም ነው።