ወደ ሩቅ ገጠር የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ሕክምና ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል

ለአንድ ሩቅ ወረዳ ነፃ ሕክምና ለመስጠት የሚነሣ ቡድን፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከውጭ አገር፣ ዝግጅቱን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከራሱ አቅም ነው፤ ስንት ሐኪም ተመዘገበ፣ ምን ያህል መድኃኒት ተሰበሰበ፣ መኪናው ስንት ሰው ይጭናል ይላል። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ቡድኑ ከተመለሰ በኋላ ታካሚው ማን ዘንድ ይሄዳል የሚለው ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱ የተነገረው ገበሬ የአንድ ወር ክኒን ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድና በሁለተኛው ወር የሚያገኝበት ቦታ ባይኖር፣ የተሰጠው ሕክምና ሳይሆን ጭንቀት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከክትትሉ ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢሠራ ይሻላል።

ክትትሉን የሚሸከመው ተቋም ደግሞ በአብዛኛው ቀድሞውኑ በቦታው አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የተነደፈው አደረጃጀት ለ5,000 ሰው ያህል አንድ ጤና ኬላ፣ በየጤና ኬላውም ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲኖሩ፣ አምስት ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር እንዲታቀፉ ነው። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር በየትኛው ጎጥ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን በእጁ እየዳሰሰ እንደሚሄድ ታውቃለች። ስለሆነም ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ በቅደም ተከተሉ ከክልል፣ ከዞንና ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከተገኘ በኋላ፣ የቡድኑ ተወካይ ከዋናው ጉዞ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሄዶ ከእርሷና ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር መቀመጥ አለበት። በስልክ የሚደረግ ውይይት ይህን አይተካም፤ የጤና ጣቢያው ውኃ ከቧንቧ ይምጣ ከጀሪካን፣ መብራቱ መሣሪያ በእንፋሎት ለሚያመክነው ኦቶክሌቭ ይበቃ እንደሆነ፣ ማቃጠያ ጉድጓዱ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በዓይን ሲታይ ነው። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ስለሚያስፈልጋቸው ማስረጃቸው በዚሁ ጊዜ መቅረብ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ በእኔ አስተያየትም ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ፣ ምን እንደማይሠራ መወሰን ነው። ጥርስም፣ ዓይንም፣ ስኳርም፣ የሕፃናት ሕክምናም በአንድ ድንኳን ለመስጠት የሚሞክር ቡድን ሁሉንም ሳይጨርስ ይመለሳል። አንድ አገልግሎት ተመርጦ እስከ መጨረሻው ቢሠራ ይበልጣል፤ ለምሳሌ በአማራ ክልል የብዙ ወረዳዎች ችግር የሆነውን፣ ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለውን ትራኮማን እንውሰድ። በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የተጎዳው የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፈተገ ያቆስላል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። በአንገታቸው ማተብ ላይ ወረንጦ አንጠልጥለው የሚሄዱ እናቶችን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳል፤ ፀጉሩን እየነቀሉ ይቆያሉ፣ ፀጉሩ ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። የዓይን ቆቡን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ በአካባቢ ማደንዘዣ በጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሊሠራም ይችላል።

እዚህ ላይ ለጎብኚ ሐኪሞች የማይጥም ነገር መናገር ያስፈልጋል። ይህን ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ ገጠር በብዛት የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ ብዙ ከሠራ የወረዳ ነርስ ይልቅ አልፎ አልፎ የሚሠራ ስፔሻሊስት የተሻለ ውጤት ያመጣል ብሎ ማሰብ አይገባም፤ በደንብ ያልተሠራ ቆብ ደግሞ ፀጉሩ ተመልሶ እንዲታጠፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቡድኑ ነርሱን ከጎን አቁሞ ራሱ ከሚሠራ፣ ለነርሱ መሣሪያ፣ ጓንት፣ ማደንዘዣና ረዳት አቅርቦ የከበደውን ብቻ ቢቀበል ይመረጣል። የስፌት ክሩ ምርጫም ከክትትሉ ጋር የተያያዘ ነው። የሐር ክር ከተሰፋ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ መነቀል አለበት፤ ታካሚዋ ግን የግማሽ ቀን መንገድ በእግር የምትሄድ ከሆነ ለዚያ ብላ አትመለስ ይሆናል። በዚሁ በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት በራሱ የሚሟሟው ክር ከሐሩ ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው ስላሳየ፣ ለሩቅ ቀበሌ እርሱን መግዛት ብልህነት ነው። ታካሚዋ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ስለምታድር አጃቢ ይዛ እንድትመጣ አስቀድሞ ሊነገራት፣ ለሁለቱም ማደሪያና እራት ሊዘጋጅላቸው ይገባል። ቁስሉ እስኪያገግም ውኃ እንዳይነካው ሲመከርም ስለ ጠበል በግልጽና በአክብሮት መናገር ያስፈልጋል፤ ከደብሩ ካህን ጋር ቀድሞ ከተነጋገሩ ካህኑ ራሳቸው ቢያስረዱ ይበልጥ ይሰማል።

ቀዶ ሕክምና የማያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን ዓይናቸው የቀላ ሕፃናት አብረው ይመጣሉ። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት መቀባት ስላለበት፣ ለእናትየው አንዱን ቱቦ ሰጥቶ ከመሸኘት በፊት ቆቡን ወደ ታች ስባ እንዴት እንደምትቀባ እዚያው በእጇ እንድታሳይ ማድረግ ይጠቅማል። ወረዳው ትራኮማን ለመከላከል ለሕዝቡ የሚሰጠውን የአዚትሮማይሲን መድኃኒት የጅምላ እደላ ዘመቻ በቅርቡ አድርጎ ወይም ሊያደርግ አቅዶ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ እደላ መደረብ የወረዳውን መዝገብ ያበላሻል።

ጊዜን በተመለከተ ከሰኔ እስከ ነሐሴ መንገዱም አያስገባም፣ ገበሬውም አርሞና ዘር ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ለአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ይመቻል። ከወሩ ውስጥ ደግሞ ገበሬው እርሻ የማይነካባቸው የበዓል ቀናት፣ እንደ 12፣ 21 እና 29 ያሉት፣ ብዙ ሰው ከቤቱ የሚወጣባቸው ናቸው። ማስታወቂያውም በገበያ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላና በመስጊድ ቢነገር ከማንኛውም የታተመ ወረቀት በላይ ይደርሳል። ዐቢይ ጾም ከገባ ግን ክኒን በጠዋት የማይወስድ ሰው መኖሩን አስቦ፣ ጾሙን ስንት ሰዓት እንደሚፈታ ጠይቆ መድኃኒቱን በዚያ መሠረት ማዘዝ ይገባል።

መድኃኒት ከውጭ ሲገባ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በሻንጣ ይዞ መምጣት አማራጭ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከየቤቱ ተለቅሞ የተሰበሰበ ግማሽ ጠርሙስና የተከፈተ ብልቃጥ እዚያው ይቅር። እንዲያውም ጤና ጣቢያው ራሱ የሚያዝዘውን ዓይነት መድኃኒት አገር ውስጥ መግዛት በብዙ መንገድ ይሻላል፤ ታካሚው ሲያልቅበት ያንኑ ክኒን፣ በዚያው ቀለምና ስም፣ ያገኛል። አወሳሰዱን ሲጽፉ ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ይሁን። ከውጭ የመጣ ሐኪም በልማዱ «8 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ጠዋት ሊወሰድ የታሰበው መድኃኒት ከምሳ በኋላ ይወሰዳል። ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ መሳል ይበቃል።

በዕለቱ የሚያስቸግረው ሰልፉ ነው። ነፃ ሕክምና መጣ ከተባለ የአጎራባች ቀበሌ ሰው ሌሊቱን ተጉዞ ያድራል፤ ተራ ቁጥር ሳይሰጥ በር ከተከፈተ ጉልበት ያለው ቀድሞ ይገባል፣ ለዘመቻው ምክንያት የሆኑት አሮጊት ከአጥሩ ሥር ይቀራሉ። ይህን የሚያስቀረው ቅድመ ልየታ ነው፤ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ሳምንት ሲቀረው ለይተው ቀንና ቁጥር ያለበት ወረቀት ይስጡ። ያልተመዘገቡትን የሚያይ አንድ ነርስ ግን ከጥላ ሥር መኖር አለበት፤ ከሰልፉ መካከል ትኩሳት ያለው ሕፃን ወይም ምጥ የያዛት ሴት አትጠፋም። አስተርጓሚም ይታሰብ፤ በአዊና በዋግ ኽምራ ገጠር አገውኛ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች ያጋጥማሉ። የታካሚውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ እናት በልጇ ፊት የማትናገረውን ሕመም ይሸፍናል። ፎቶግራፍን በሚመለከት አቋሜ ቀላል ነው፤ በሕክምና ክፍል ውስጥ ካሜራ አይግባ፣ ለጋሾች ቢጠይቁም እንኳ።

በድንኳን የማይታከሙ ሕመሞች መገኘታቸው አይቀርም። በፊስቱላ ምክንያት ሽንት የማይቋረጥባት ሴት ብትመጣ በቦታው የሚደረግላት ነገር የለም፤ ነገር ግን የት እንደምትላክ ማወቅ ግድ ነው። የማሕፀን ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጅ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሦስት ዓመት ውል ይዘው ነበር፤ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ፤ ዛሬ ሆስፒታሉ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት አሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የአዋላጅ ኮሌጃቸው ደግሞ ከገጠር የመጡ ሴቶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይመልሳል። ወደ እንዲህ ዓይነት ማዕከል የሚላክ ሰው ወረቀት ብቻ ተይዞለት ከቀረ አይሄድም። የታካሚውና የአንድ አጃቢ የመኪና ሂሳብ ከጉዞው በጀት አስቀድሞ ተቀንሶ መቀመጥ፣ ተቀባዩ ተቋምም በስልክ መታወቅ አለበት።

ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት የታካሚዎች መዝገብ፣ ስም ከነአያት፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የተሠራውና የታዘዘው ተጽፎበት፣ አንድ ቅጂ ለጤና ጣቢያው ይሰጣል። የዓይን ቆብ የተሠራላቸው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ መታየት ስላለባቸው ቀኑ እዚያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ማን እንደሚያያቸውም በስም ይጻፋል። የዋለው መርፌና ምላጭ በሴፍቲ ቦክስ ታሽጎ እዚያው ይቃጠላል። የተረፈው መድኃኒትና ዕቃ በመጋዘን ሠራተኛው ተቆጥሮ በዕቃ ገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ጤና ጣቢያው የማይጠቀምበት ወይም ቀኑ የቀረበው ግን በመጣበት መኪና ይመለሳል።