ወቅት ሲቀያየር የተራራ አየር እንዴት ይጠየቃል፣ እንዴትስ ይነገራል?

ዝናቡ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። አንድ ተራራ እየወጣሁ ግማሽ መንገድ ላይ ከላይ የሚወርዱ ሁለት ወጣቶች አገኘሁ። «ላዩ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «አሪፍ ነው፣ ምንም አይል!» ብለውኝ አለፉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ርሷል። አይቻለሁ፤ ግን ለምን እንደራሰ አልጠየቅኩም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ምክንያቱ ጋ ደረስኩ። መንገዱን የሚያቋርጥ ወንዝ ነበር። እነሱ ጠዋት ሲሻገሩት ጉልበት ድረስ ነው። እኔ ስደርስ ግን ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቧል። ውሃው ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ይወርዳል። ከስሩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ድምፁ ይሰማል። ተመለስኩ። መሽቶብኝ የመንገዱን መጨረሻ በባትሪ ነው የጨረስኩት።

ልጆቹ አልዋሹኝም። እነሱ በነበሩበት ሰዓት በእውነት አሪፍ ነበር። ችግሩ ጥያቄዬ ነው። «እንዴት ነው?» ለእኛ ሰላምታ ነው፤ መልሱም «ደህና» ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ነው።

ወቅቱ ጸንቶ በገባበት ጊዜ ይህን ያህል መጨነቅ ላያስፈልግ ይችላል። በደረቁ ወራት መሀል የሳምንት ወሬም ይሠራል፤ ነገ ትናንትን ይመስላላ። ወቅት ሲቀያየር ግን የትናንቱ ወሬ ዛሬ ጠዋት አርጅቶ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ፣ ማታ ውርጭ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሰሞን የሰማችሁት ነገር የሚጠቅማችሁ ሦስት ነገሮች አብረውት ካሉ ነው፦ የት ቦታ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ታየ።

አንደኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን ቁጥር ያዙ

ስልካችሁ ላይ ያለው ትንበያ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ በቅርብ ስላለው ከተማ ነው። እናንተ ደግሞ የምትሄዱት ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ቀንሱ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ከተማው 1,800 ሜትር ላይ ሆኖ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 3,200 ሜትር ያለው ጫፍ ላይ 11 ዲግሪ ገደማ ጠብቁ።

ነፋሱንም ጨምሩበት። ቴርሞሜትር 5 ዲግሪ ሲያሳይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ልብስ ከራሰ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ቦታ ላይ ይህ ስሌት ይገለበጣል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ተንሸራቶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ወንዝ ዳር ድንኳን የተከለ ሰው ጠዋት አመዳይ ሲያራግፍ፣ ከፍ ብሎ ገደሉ ወገብ ላይ ያደረው ሰው በሰላም ተኝቶ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ «ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር» ለሚላችሁ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነው ያደራችሁት?» ነው።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን አጥብቡት

የሚወርድ ሰው ደክሞታል። ብዙ አይቆምላችሁም። እኔ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዣለሁ።

«ጫፉ ላይ ስንት ሰዓት ላይ ነበራችሁ?» ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የታየ ሰማይ ስለ ከቀኑ 8 ሰዓቱ ሰማይ ብዙ አይነግርም።

«ላይ ስትቀመጡ ምን ለብሳችሁ ነበር?» ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። «ይበርዳል» የሚለው ቃል እንደ ሰዉ ነው። አንዱ በቲሸርት የሚሄድበት ቦታ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ልብስ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ነው። «ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ ምሳዬን ቆሜ ነው የበላሁት» አንዷ ተጓዥ ካለችኝ ገባኝ። እየተራመዱ የነበረውን ሳይሆን ተቀምጠው የነበረውን መጠየቅም አትርሱ። ዳገት የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ ይሞቀዋል።

ሦስተኛው «እግራችሁን የት ላይ አስቸገራችሁ?» ነው። ጭቃው፣ ወንዙ፣ የሚያንሸራትተው ድንጋይ፣ ጥላ ውስጥ የቀረው በረዶ፣ ሁሉም በዚህ አንድ ጥያቄ ይወጣል። ወንዝ ካለ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰባቸው በእጃቸው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በረዶ ከሚቀልጥባቸው ተራሮች የሚወርድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ጎህ ሲቀድ ይቀንሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይሞላል። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረው ማታ ጭን ሊሆን ይችላል።

እነሱ ሲናገሩ እናንተ እዩ። ጭቃው ጫማቸው ላይ ነው ወይስ ሱሪያቸው ላይ? የዝናብ ልብሱ ቦርሳ ውስጥ ነው ወይስ ተለብሷል? ከተለበሰ ደርቋል ወይስ ይንጠባጠባል? ከታች ፀሐይ ወጥቶ ሰውየው ኮፍያውን ጆሮው ላይ እንዳጠለቀ ከሆነ፣ ላይ ምን እንደነበረ ሳይናገር ነግሯችኋል።

እዚያው የሚኖር ሰው ስትጠይቁ

ከብት ከሚጠብቅ፣ መሬቱን ከሚያርስ ሰው በላይ የዚያን ተራራ ሰማይ የሚያውቅ የለም። ግን አጠያየቅ አለው። «ዛሬ አይዘንብም አይደል?» ካላችሁ፣ ሰዉ ለእናንተ ብሎ «አይ፣ አይዘንብም» ሊላችሁ ይችላል። መልሱን አፉ ውስጥ አስቀምጣችሁለታል። ይልቅ «በዚህ ሰሞን ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ሲመጣስ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» በሉ። አቅጣጫውን በእጁ ያሳያችኋል። እስከ ማታ ዐይናችሁን የምትጥሉበት ቦታ ያ ነው።

ሦስተኛ፦ ለነፋስና ለደመና አንድ ቋንቋ ይኑራችሁ

«ነፋሱ ኃይለኛ ነው» ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ1805 ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ይህን ችግር መፍታት ፈለገ። ነፋሱን ከ0 እስከ 12 ደረጃ ሰጠው። መለኪያው መሣሪያ አልነበረም፤ ነፋሱ በመርከቡ ሸራ ላይ የሚያደርገው ነገር ነበር። በኋላ ለየብስም ተዘጋጀለት፦ ትንንሽ ቅርንጫፎች ከተንቀሳቀሱና አቧራ ከተነሳ 4፣ ትልልቅ ቅርንጫፎች ከተወዛወዙ 6፣ ዛፉ በሙሉ ከተወዛወዘና ነፋሱን ተጋፍቶ መራመድ ካስቸገረ 7። ሰባተኛው በሰዓት ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር ነው። ጠባብ ተረተር ላይ ለመራመድ እኔ ከ6 በላይ አልሞክርም።

ቁጥሩን ማስታወስ የግድ አይደለም። ዋናው ነፋሱ ያደረገውን መናገር ነው። «ኮፍያዬን ሁለት ጊዜ ወሰደው» ወይም «ስንነጋገር መጮህ ነበረብን» ከ«ኃይለኛ ነው» በብዙ ይሻላል።

ደመናም እንዲሁ ነው። ሉክ ሃዋርድ የተባለ የለንደን መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1802 ደመናን በቅርጹ ከፍሎ ስም አወጣለት፤ ዛሬም ሳይንሱ በዚያው መሠረት ላይ ነው ያለው። ለጉዞ ሦስቱን መለየት ብዙ ይጠቅማል፦ ከፍ ብሎ እንደ ላባ የተበተነው፣ እንደ አንሶላ የተነጠፈው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተከመረው።

በተለይ ክምሩን ተከታተሉ። ረፋድ ላይ ትንንሽና ጠፍጣፋ ከሆነ ችግር የለም። ከቀትር በፊት ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ከበለጠና እንደ አበባ ጎመን እየፈነዳ ወደ ላይ ካደገ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ጠብቁ። ላባ መሳዩ ቀስ በቀስ ወፍሮ ፀሐይዋን በቀለበት ከከበባት፣ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ምልክቱን ቁም ነገሬ ብዬ ነው የምይዘው። ጫፉ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ለስላሳ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ደመና ካያችሁ ደግሞ ቆሞ ቢመስልም እዚያ ላይ ነፋሱ ብርቱ ነው።

መብረቅ ሲመጣ ወሬው ይቁም

ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ቁጠሩ። ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከሆነ ማዕበሉ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ከጫፉና ከተረተሩ ወዲያው ውረዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። «እነ እገሌ አልፈዋል» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

አራተኛ፦ የከፍታ መለኪያውን አድምጡ

ሰዓታችሁ በአየር ግፊት የሚሠራ የከፍታ መለኪያ ካለው ማታ ስትተኙ ቁጥሩን ጻፉት። ጠዋት ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ ቁጥሩ በ50 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ካገኛችሁት፣ የወረደው የአየሩ ግፊት ነው፤ መጥፎ አየር እየመጣ ሊሆን ይችላል። የ10 ወይም የ20 ሜትር ልዩነት ግን በየቀኑ ያለ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

አምስተኛ፦ እርስ በርስ ማውራታችሁን አታቋርጡ

ይህን የምለው ለጨዋታው ብዬ ብቻ አይደለም። ወሬ ራሱ የብርድ መለኪያ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደገኛ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የግድ በረዶ አያስፈልግም። ዝናብና ነፋስ ያለበት 8 ወይም 10 ዲግሪ ይበቃል። ወቅት ሲቀያየር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለውርጭ ይዘጋጃል፣ ለካፊያና ለነፋስ አይዘጋጅም።

ምልክቱ ቀድሞ የሚታየው በአፍ ነው። ጠዋት ሙሉ ሲያወራ የነበረ ጓደኛችሁ ዝም ካለ፣ ሲመልስ በአንድ ቃል ከሆነ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ የቦርሳውን ዚፕ መክፈት ካቃተው፣ እግሩ ከተደናቀፈ፣ አቁሙ። እሱ ራሱ «ደህና ነኝ» ይላል፤ አትመኑት። ከነፋስ አስጠጉት፣ እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት። መንቀጥቀጡ ቆሞ ግራ የተጋባ ከመሰለ የከፋ ደረጃ ነው፤ ለእርዳታ ደውሉ።

ስድስተኛ፦ ስትወርዱ እናንተ ንገሩ

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ያያችሁትን ተናገሩ እንጂ አትተንብዩ። «ይከፈታል፣ አይዟችሁ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ግን ሰውየው በእናንተ ተስፋ ተማምኖ ይወጣል።

ፎቶ የምትልኩ ከሆነ ሰዓቱን ጻፉበት። የጫፉን ውበት ብቻ ሳይሆን መንገዱን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የጭቃውን ቦታ አንሱ። ለነገ ተጓዥ ከሁሉ የሚጠቅመው ያ ነው።

የተመለሳችሁበትንም ምክንያት አትደብቁ። ጫፍ ሳይደርሱ መመለስ ብዙ ሰው ያፍርበታል፣ ዝም ይላል። ከዚያ የሚሰማው ጫፍ የደረሱት ሰዎች ወሬ ብቻ ይሆናል፤ ተራራውም ከእውነቱ ይልቅ የቀለለ መስሎ ይታያል። እኔ ያን ቀን ከወንዙ ስመለስ ወደ ላይ የሚወጡ ሦስት ሰዎች አግኝቼ ነበር። «ላዩ እንዴት ነው?» አሉኝ። እንዲህ ነው የመለስኩላቸው፦

«ጫፉ ጋ አልደረስኩም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወንዙ ጋ ነበርኩ። ጠዋት ጉልበት ነበር፣ አሁን ጭን ያልፋል፣ ደፍርሷል፣ ድንጋይ ያንከባልላል። ላይኛው ተራራ ላይ ጥቁር ደመና አለ። እዚያ ስደርስ ጃኬት ለብሼ ነበር።»

ተያዩ። አንደኛዋ ሰዓቷን አየች። ከዚያ አብረን ወረድን።