ቦይለር ሲሞሉ፣ ሲያፈሱና ውርጭ ሲመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ቤት የሠራ ሰው ቦይለር የሚሰቅለው ለቅንጦት አይደለም። በኅዳር ማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ራስ ላይ ማፍሰስ ለማንም አይመኙም። ቦይለሩ ግን የተሠራው ውሃ ለማይቋረጥበት ቤት ነው፤ የእኛ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውስጡ ውሃ አለ ወይ?» የሚለው ነው።

መብራቱ በርቷል፣ ውሃው አይሞቅም

በቅድሚያ ሰዓት ይያዙ። 50 ሊትር ውሃን በ1,500 ዋት ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ነው ብለው ካቻቢቴ አያንሱ።

ሰዓቱ አልፎም ቀዝቃዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ባዶ ቦይለር መለኮሱ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዲሠራ ነው የተሠራው፤ ደረቁን ሲበራ ሙቀቱን የሚወስድለት ስለሌለ ይቃጠላል። አዲስ ተገጥሞ ሳይሞላ ሲበራ ይህ እንደሚሆን ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ሁለተኛው መንገድ ነው። የመስመር ውሃ ሲቋረጥ ቀዝቃዛ ውሃ በሚገባበት በኩል አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሌለ፣ የሆነ ሰው ደግሞ «ውሃ መጣ ወይ?» ብሎ የሙቁን ቧንቧ ከከፈተ፣ አየር ይገባና በቦይለሩ ውስጥ የነበረው ውሃ ወደ መስመሩ ተመልሶ ይወርዳል። ቦይለሩ ባዶውን እንደተሰካ ያድራል።

ለማጣራት ብሬከሩን ያጥፉ፤ መብራት አለመኖሩን በቴስተር ካረጋገጡ በኋላ ክዳኑን ይፍቱ። ሙቀቱን በሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይ ያለችው ትንሽ የመመለሻ ቁልፍ ወጥታ ከሆነ ይጫኗት፤ ከመጠን በላይ ሙቀት ሲኖር መብራቱን የምትቆርጠው እሷ ናት። ካልሆነ የኤለመንቱን ሽቦ ነቅለው በመልቲሜትር ይለኩ። ለ220 ቮልት የተሠራ ጤነኛ የ1,500 ዋት ኤለመንት 32 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። በዚያው ዋት ይተኩት፤ ጎሚኒውንም አብረው ይቀይሩ፣ አሮጌው ተመልሶ ሲጠብቅ ማፍሰሱ አይቀርም።

አሞላሉ እንዲህ ነው፦ ብሬከሩ እንደጠፋ ቀዝቃዛውን ጌትቫልቭ ይክፈቱ፣ በቤቱ ያሉትን የሙቅ ቧንቧዎችም ይክፈቱ። መጀመሪያ አየር እየተፋ ይመጣል፤ ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ይዝጓቸው። ብሬከር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ማየትን ቤተሰቡ ሁሉ ልማድ ያድርገው።

ከሥር ይንጠባጠባል

የሚንጠባጠበው ውሃ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ብልሽት አይደለም። ከ15 ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር ውሃ በ0.8 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ወደ መስመሩ መመለስ ስለማይችል ግፊት ሲበዛ በሚከፈተው ሰፍቲ ቫልቭ ይወጣል። ቀጭን ጎማ ሰክተው ወደ ፍሳሽ ይምሩት። ሳይሞቅም የሚፈስ ከሆነ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቩ ውስጥ አሸዋ ገብቷል፤ ማንሻውን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው ያጥቡት፣ እምቢ ካለ ይቀይሩት።

አንዳንድ ሠራተኛ ጭቅጭቁን ለመገላገል ቫልቩን በቡሽ ይደፍነዋል ወይም ጨርሶ ያወጣዋል። ይህን አይፍቀዱ። ቴርሞስታቱ በተበላሸ ቀን የተደፈነ ቦይለር ይፈነዳል።

ሻወር ሲገቡ ይነዝራል

ወዲያው ብሬከሩን ያጥፉ፤ እስኪሠራ ማንም አይታጠብ። ብዙ ጊዜ ኤለመንቱ ተሰንጥቋል፣ የኧርዝ ሽቦውም የለም ወይም ተቆርጧል። ኤለመንት ቀይሮ ኧርዙን መተው ግማሽ ሥራ ነው። መብራት ሲያፈልግ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከርም ያስገቡ።

ሊያፈሱት ሲሉ ጥቂት ወርዶ ይቆማል

አየር የሚገባበት አጥቶ ነው። ብሬከሩን ያጥፉና ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ 60 ዲግሪ ቆዳ ይልጣል። ቀዝቃዛውን ጌትቫልቭ ይዝጉ፣ የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ፣ ከዚያ የሰፍቲ ቫልቩን ማንሻ ያንሱ። የሚወጣው ቡናማ ከሆነ ክረምት የገባው ደለል ነው፤ ጥርት እስኪል በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት። ለረጅም ጊዜ ቤት ዘግተው የሚሄዱ ከሆነም እንዲሁ አፍስሰው ይሂዱ፤ ሲመለሱ ግን ሳይሞሉ እንዳያበሩት ብሬከሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ሌሊት ደህና የነበረ ቧንቧ ጠዋት ተሰንጥቆ ተገኘ

በእኛ አገር ቧንቧ የሚሰነጥቀው ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው። ክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያሳድራል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅቃል፤ ወደ ጮቄ ተራራ በተጠጉ ደጋማ ቦታዎች ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቆርቆሮ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ከአየሩም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ቧንቧው ደግሞ አይሰፋም። ባህር ዳር ያለ ሰው ይህን ክፍል ቢያልፈው አይጎዳም።

መከላከያው ከሮቶ የሚወርደው መስመር ዝቅተኛ ቦታ ላይ ማፍሰሻ ጌትቫልቭ ማስገባት ነው። ውርጭ በሚጠረጠርበት ማታ የሮቶውን መውጫ ዘግተው መስመሩን ባዶ ያድርጉ፤ ብሬከሩንም ያጥፉ። ማፍሰስ ካልተቻለ ውጭ ያለውን ቧንቧ በስፖንጅ ጠቅልለው ዝናብና ፀሐይ እንዳይበላው በላስቲክ ይሸፍኑት። በረዶ የሆነውን ለማቅለጥ እሳት አያስጠጉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል፤ ቧንቧውን ከፍተው ከቧንቧው አፍ ወደ ኋላ እየሄዱ ያሙቁት።

የሶላሩ መስታወት ተሰበረ

በፀሐይ ውሃ የሚያሞቀው ሶላር መስታወቱ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ባዶውን ፀሐይ ሲመታው ውሎ በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀቅበት ነው። ውሃ በስድስት ሰዓት ቢመጣ እንኳ ወደ ሶላሩ የሚሄደውን ጌትቫልቭ ዘግተው ሮቶውን ብቻ ይሙሉ፤ ሶላሩን ማታ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ ይሙሉት።