ወንዝ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

ለዋና የሚሆን ጥልቅ የወንዝ ቦታ ስታገኙ ቶሎ አትግቡ። መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ የት እንደሚዋኝና የት እንደማይሞከር ያውቃል።

ጥርት ያለ ውሃ ከእውነተኛ ጥልቀቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። ዋና የማይችል ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በጭንቅላት መወርወር ደግሞ ጭራሽ ይቅር፤ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ግንድ ዛሬ ከሥር ተጋድሞ ይሆናል። ቀስ እያላችሁ ግቡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ትንፋሽ ያሳጥራል።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን ዝናብ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ወንዙ ከሚመጣበት ከላይ በኩል ሊዘንብና ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወዲያው ወጥታችሁ ከፍታ ላይ ሁኑ። ልብሱ ይቅር!

ቢልሃርዚያ (ከውሃ ቀንድ አውጣ የሚወጣ ጥገኛ ትል በቆዳ በኩል ገብቶ የሚያመጣው በሽታ) ባለበት አገር ከሆናችሁ ደግሞ የተኛ፣ ቀንድ አውጣ የሚታይበትን ውሃ እለፉት።