ብርዱ ሳይቀድምዎ ደብረ ብርሃን ይግቡ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ብዙ ሰው ጉዞውን ከጉዞ አይቆጥረውም፤ ጠዋት ጉዳዩን ሲያዳርስ ይቆይና ወደ መናኸሪያ የሚሄደው ከሰዓት በኋላ ነው። ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ቀንዎን ዕቅድ መወሰን ያለበት ርቀቱ ሳይሆን የፀሐይዋ ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ከደረሱ ዘና ብለው የሚዞሩበት አራት ሰዓት ያህል ብርሃን ይተርፍዎታል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ከገቡ ግን በዚያ ዕለት የሚያዩት የመኝታ ክፍልዎን ግድግዳ ነው።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በአንድ የኅዳር ቀን፣ በስስ ሹራብ ብቻ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ደርሼ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ክፍል ሳላየው ተከራየሁ፤ አልጋው ላይ የነበረው አንድ ብርድ ልብስ ሲሆን ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ደግሞ እንደ በረዶ ነበር። ሌሊቱን ያሳለፍኩት ያለኝን ልብስ በሙሉ ደራርቤ ነው፤ ከተማዋን ያየሁት በማግስቱ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ምሽት ሁለት ነገሮችን ይጨርሱ። አንደኛው፣ ደብረ ብርሃን የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት ደውለው መንገዱ ክፍት መሆኑንና በከተማዋ ውስጥ የማታ እንቅስቃሴ የተገደበ እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ በተለይ ባጃጆች እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ማወቅ የምሽቱን ዕቅድ ሁሉ ይወስናል። ሁለተኛው ሻንጣ ነው፦ መታወቂያዎን በቀላሉ በሚያወጡበት ኪስ ያድርጉት፣ ምክንያቱም በመንገድ ላይ ፍተሻም በሆቴል ምዝገባም ይጠየቃሉና፤ ወፍራም ጃኬት፣ የሱፍ ካልሲና ጋቢ ደግሞ ከሻንጣው በላይ እንጂ ከታች አይሁኑ። ጋቢ ለመኪና ውስጥ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለአልጋ በአንድነት ስለሚያገለግል፣ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች የሚነሡት ከላምበረት መናኸሪያ ነው። መኪናው ሳይሞላ ስለማይንቀሳቀስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መድረስ ይበጃል፤ ሚኒባሱ ከቅጥቅጥ ይልቅ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይደርሳል፣ ነገር ግን እግር ለመዘርጋት የሚመች አይደለም። ታሪፉን ለረዳቱ ከመክፈልዎ በፊት አጠገብዎ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ይጠይቁ። ምርጫ ካገኙ በስተቀኝ በኩል ይቀመጡ፤ መንገዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚያመራ የጠዋቷ ፀሐይ በዚያ በኩል ታሞቅዎታለች።

መንገዱ አስፋልት ነው፤ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ይደርሳል። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች ናት፤ ቅቤ መግዛት ከፈለጉ ግን ሲመለሱ ይሁን፣ አለዚያ ሻንጣዎ ሁለት ቀን ሙሉ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ይሰነብታል። በጫጫ አካባቢ የሚገኘው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው ነው። በሕዝብ መኪና ለሚሄድ ሰው ግን ዕለቱን በአንጎለላ መቁረጥ አያዋጣም፤ ለሌላ ቀን ይተዉት።

ሲደርሱ መጀመሪያ ክፍል ይያዙ፤ ሳያዩትም አይክፈሉ። አልጋው ላይ ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ ይቁጠሩ፣ ከሁለት ካነሰ ቁልፉን ሳይቀበሉ ሌላ ይጠይቁ፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ብርድ ልብስ የለም መባል አይገባውም። ሙቅ ውኃ አለ ሲሉዎት አመስግነው ቧንቧውን ራስዎ ይክፈቱና በእጅዎ ይሞክሩት። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ስለሚቆም ገላዎን የሚታጠቡት እንደገቡ ይሁን እንጂ ለማታ አይቅጠሩ። የደሴው አውራ ጎዳና በከተማዋ መካከል ስለሚያልፍና ከባድ መኪኖች ሌሊትም ስለማያርፉ፣ ከመንገዱ በተቃራኒ ያለውን ክፍል መምረጥ ለእንቅልፍ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ በእግር ይውጡ፤ የመጀመሪያ መድረሻዎም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሁን። ከተማዋን የመሠረቷት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ንጉሡ በሥፍራው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ፣ ቦታውም በዚያው ብርሃን እንደተሰየመ ይተረካል። ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው፦ ነገሥታቱ ከቦታ ወደ ቦታ በድንኳን በሚዘዋወሩበት፣ «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈር ስም በነበረበት ዘመን፣ እኒህ ንጉሥ የመጨረሻ ዓመታታቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት በዚህ ብርዳም ሜዳ ላይ ነው። ወደ ቅጽረ ግቢው ሲገቡ ነጠላ ወይም ጋቢ ይልበሱ፤ ሥርዓት እየተካሄደ ከሆነ ከዳር ይቁሙ፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ለመግባት ጫማ ማውለቅ ግድ ነው፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ደግሞ አስቀድመው በዚያ ካሉት አባት፣ «አባቴ፣ ይፈቀዳል?» ብለው ይጠይቁ።

ከሥላሴ ሲመለሱ ወደ ገበያው ጎራ ይበሉ። የሰሜን ሸዋ ደጋ የበግ አገር ነው፤ የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና፣ ዝተትና በርኖስ ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ እንደሌለ አምናለሁ። ባናው ሸካራና ከባድ ነው፣ በእጅዎ ሲዳስሱት ይኮሰኩሳል፤ ይህ የጥራት ጉድለት ሳይሆን የሱፉ ጠባይ ነው። ዋጋ ሲከራከሩ ሻጯን «እትዬ»፣ አዛውንቱን «አባባ» ብለው በትሕትና ይጀምሩ፤ ሳቅ ያለበት ክርክር ከቁጣ ይልቅ ዋጋ ያስቀንሳል። ባጃጅ ሲይዙ በሰው ሒሳብ ወይም በኮንትራት መሆኑን ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ።

11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጃኬቱን ሳይበርድዎ ይልበሱት። ይህ ከሁሉም የሚረሳው ምክር ነው፤ አንዴ ከበረደ በኋላ የሚለበስ ልብስ ቶሎ አያሞቅምና።

እራትዎን በጊዜ፣ እስከ 1 ሰዓት ይብሉ። በፍስክ ቀን የበግ ጥብስ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በሌላ ጾም ከደረሱ ደግሞ ትኩስ ሽሮ በቂ ሙቀት ይሰጣል። የገብስ አገር ነውና ቆሎው ከቡና ጋር ሲመጣ እምቢ አይበሉ። ጠላ ለመቅመስ ከፈለጉ የሚያውቀው ሰው የሚመርጥልዎት ጠላ ቤት ይሻላል። የአካባቢው አረቄ ስመ ጥር ነው፤ ዳግም የሚባለው ሁለት ጊዜ የተጣራው ነው፣ እርሱንም በባዶ ሆድ ሳይሆን ከእራት በኋላ አንድ መለኪያ ብቻ። ሙቀት የሰጠ ይመስላል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን እንዲያጣ ያደርጋል፤ ከፍታውን ላልለመደ፣ በተለይ እንደ ሸዋ ሮቢት ካለ ቆላ ለመጣ ሰው፣ ሁለተኛው መለኪያ የነገውን ጠዋት ይበላል።

ወደ ክፍልዎ ሲገቡ ነገ አንኮበር ለመሄድ ካሰቡ፣ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሆቴሉን ጥበቃ ይጠይቁ። የጠዋት ልብስዎን ከብርድ ልብሱ በታች፣ ከእግርዎ አጠገብ አድርገው ይተኙ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ የሞቀ ሱሪ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።