ሰንበቴን የሁሉም ማድረግ፦ በወሎ ከተሞች ላሉ አጥቢያዎች

በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ አንድ ሰንበቴ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ኽምጣኛ ተናጋሪው አንድ ገበታ ይቀርባል። መዝሙሩና ስብከቱ ሁሌ በአንድ ቋንቋ ከሆነ ግን ሌላው በገዛ አጥቢያው እንግዳ ሆኖ ይኖራል። መድረክ ሠርቶ ወጣቱን በተውሶ የባህል ልብስ ማሰለፍ ይህን አይፈታም፤ ትርኢት ሆኖ ያልፋል። ያለውን ሰንበቴ ይዛችሁ ጀምሩ።

ቀኑ ከጥቅምት የመጀመሪያዎቹ እሑዶች አንዱ ይሁን። የመስከረም 21 የግሸን ማርያም ተጓዥ ተመልሷል፣ አጨዳው ገና አልበረታም፣ ወቅቱም ጽጌ ስለሆነ ማብላት የተለመደ ነው። ዐቢይ ጾም አይመችም፤ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ጥርም ሠርግ ይሻማዋል። ከስድስት ሳምንት በፊት ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። የቅዳሴው ሥርዓት አይነካም፤ ሁሉም ነገር ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መዝሙሩ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ከአማርኛው ሌላ ሁለት ቋንቋ ይበቃል፤ ሕዝቡ አዝማቹን ብቻ ይያዝ፣ ቀሪውን መዘምራን ይውሰዱት። ኦሮምኛው በቁቤ (በላቲን ፊደል) ከተጻፈ ለማያነበው በፊደል ገልብጡለት፤ ነገር ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። በኦሮምኛ «ባዳ» ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፣ «ዳ» ሲጠብቅ ደጋ። ስለዚህ የሚጠብቀውን ፊደል አስምሩበት፤ ከዚያ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ቀስ ብሎ ሲያነብ በስልክ ቀድታችሁ ለመዘምራን በቴሌግራም ላኩ። አራት ልምምድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ እሱ ባለበት ይሁኑ።

ስብከት በአስተርጓሚ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ሰባኪው ለ12 ደቂቃ ይዘጋጅ፤ ጥቅሶቹን ለአስተርጓሚው በዋዜማው ይስጥ፣ አለዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ከአማርኛ በቃሉ ሲመልስ ይሳሳታል።

ምግቡ የጾም ይሁን። ጿሚው አይቸገርም፤ ሙስሊም ጎረቤትና ዘመድ ቢመጣም (በወሎ መምጣቱ አይቀርም) የእርድ ጥያቄ አይነሣም። ከጠላ ይልቅ ቀሪቦ አቅርቡ፤ ጠላ የከረመበት ጋን ግን ለቀሪቦ አይሆንም፣ ሽታው ይቀራል። ለ100 ሰው 200 እንጀራ አስቡ፤ ወደ 35 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይወስዳል። ቅዳሜ ለመጋገር ሊጡ ረቡዕ ይቦካ። «ሁሉም የቻለውን ያምጣ» ከተባለ ሃያ ድስት ሽሮ ይመጣል። ለየቤቱ ስም ጠርታችሁ አከፋፍሉ፤ ለአንዱ ምስር፣ ለአንዱ ጎመን፣ ለሌላው ንፍሮ። ጨጨብሳ የሚያቀርብ ቤተሰብ ካለ በቅቤ ፈንታ በዘይት እንዲያሸው አስቀድማችሁ ንገሩት።

በአንድ መሶብ ስድስት ሰው ይቀመጥ። አቀማመጡን ለራሱ ከተዋችሁት የአንድ ቋንቋ ሰው አንድ ላይ ይሰባሰባል። ስለዚህ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው በየመሶቡ አስቀምጡ፤ ሕፃናቱ ሲላላኩ የቀረውን እነሱ ያቀላቅሉታል።

መዝጊያው ንግግር አይሁን፣ ምርቃት ይሁን። ከየቋንቋው አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በገዛ ቋንቋቸው ይመርቁ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ላይ አስተርጓሚ አታቁሙ፤ «አሜን» የሚባልበትን ቦታ ሰው ከድምፃቸው ያውቀዋል። የተረፈው እንጀራ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ለቆሎ ተማሪዎች ይድረስ።